ጅቡ ማን ይሁን? በመድበል አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ማን ይታያል፣ ማንስ ይተርካል

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለፊልም ወዳጆችና ለወጣት የፊልም ሠሪዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ የተከበራችሁ ወገኖቼ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ከሥራ ወጥታችሁ ቤታችሁ እንኳ ሳትደርሱ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ወጣቶች፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብራችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ካልተሰማ እጃችሁን አውጡልኝ፤ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በመድበል አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ብዝኃነትና ውክልና» የሚል ነው። ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ታሪክ ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ። ርዕሱንም የማየው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ በአስፈሪ ታሪክ ውስጥ አስፈሪው እንዲሆን የሚመረጠው ማነው? ሁለተኛ፣ ታሪኩን የሚናገረው ማነው? ሦስተኛ፣ እኛ ይህን ስናውቅ ምን እንሠራለን? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መድበል ፊልም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። የአጭር ልብ ወለድ መድበል ታውቃላችሁ፤ ይህም እንደዚያው ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አጫጭር ታሪኮች ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ እነሱን የሚያስተሳስር አንድ ታሪክ አለ፦ ሰዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይቀጥላል። በ1945 እንግሊዝ አገር ኢሊንግ ስቱዲዮ ያወጣው «ዴድ ኦቭ ናይት» በአንድ የገጠር ቤት የተሰበሰቡ እንግዶች የደረሰባቸውን ተራ በተራ ሲያወሩ ያሳያል። ያንን አንድ ፊልም አራት ዳይሬክተሮች ተካፍለው ነው የሠሩት። እኛ ይህን አቀማመጥ ከእሳት ዳር እናውቀዋለን።

ለእኔ የዚህ ዓይነቱ ፊልም ቁም ነገር ያለው ተራው ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ሙሉ ፊልም ሲሠራ «ለምን የሌላውን ታሪክ አልነገርክም?» ብትሉት «የእኔ ታሪክ ይህ ነው» ሊላችሁ ይችላል። እውነቱን ነው። አምስት ተራ ያለው ፊልም ግን እንዲህ ብሎ ማምለጥ አይችልም። አምስት ጊዜ ሰው ተጠርቷል። ማን ተጠራ? ማን ሳይጠራ ቀረ? ይህን በጣታችን መቁጠር እንችላለን። ለዚህ ነው ስለ ውክልና ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ የፊልም ዓይነት የለም የምለው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። አስፈሪው ማን ይሁን?

ያደግኩት ጎንደር፣ ገጠር ነው። አያቴ ማታ ማታ ስለ ጅብ ትነግረን ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራን አንደኛው ነው፦ አንድ ገበሬ በሌሊት ከብቱን ሊበላ የመጣ ጅብ በጦር ይወጋል። ሲነጋ የደሙን ዱካ ተከትሎ ይሄዳል። ዱካው አንድ ቀጥቃጭ ደጃፍ ላይ ያደርሰዋል፤ ቀጥቃጩም ጎኑን ታምሞ ተኝቷል። በሌላ ጊዜ ስትነግረን ደግሞ የተገደለው ጅብ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ይገኛል። ይህን የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ እስኪ። ይኸው! ከወሎም፣ ከጎጃምም፣ ከሸዋም የመጣችሁ አላችሁ፤ ተረቱ ሁላችንም ቤት ደርሷል።

ቅዳሜ ገበያችን ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ነበረች። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ እንስራ ትሸጣለች። ገዢ ሲመጣ ጀበናውን በግራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ በቀኝ እጇ የጣት አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ያልተሰነጠቀ ጀበና ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ካላማራት ገዢው ሳይጠይቃት ራሷ ወደ ኋላ ታስቀምጠውና ሌላ ታነሳለች። እናቶቻችን ከእሷ ይገዛሉ። በእሷ ምጣድ እንጀራ ይጋገራል፣ በእሷ ጀበና ቡና ይፈላል። ነገር ግን አንድ ልጅ እየበላ በአጠገቧ ካለፈ እናቱ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች፣ ዓይኗ እንዳያርፍበት። እሷም ታያለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ታያለች።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከእሷ በኩል ያለውን ታሪክ ማን ነገረን? ሌሊቱ ከእሷ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ሲታይ ምን ይመስላል? ጦር የያዘ ሰው የደም ዱካ እየተከተለ ወደ ደጃፍሽ ሲመጣ፣ ባልሽ ደግሞ ውስጥ ጎኑን ታምሞ ተኝቶ ሳለ፣ የሚያስፈራው ማነው? ያው ተረት ነው። አንድም ነገር አልቀየርኩም። የተቀመጥንበትን ቦታ ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ፍርሃቱ ግን በአንዴ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

ይህ እምነት በተረት ብቻ የቀረ አይደለም። በጎንደርና በዙሪያው ብረት የሚቀጠቅጡትና ሸክላ የሚሠሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ኖረዋል። ማረሻውን ከእነሱ እየገዛን፣ ሰው ሲታመም እነሱን እየከሰስን። ሌሎች ባለ እጆችም እንዲሁ። ስለዚህ ስለ አሜሪካ ፊልም ስንነጋገር «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብለን እንዳንቀመጥ እለምናችኋለሁ። የራሳችን አለን።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። በ1975 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ «ትሪሎጂ ኦቭ ቴረር» የሚባል ሦስት ታሪክ ያለው ፊልም አለ። ሰው የሚያስታውሰው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ብቻዋን አፓርታማ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት ጦር የያዘ፣ ጥርሱ የሾለ ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ትገዛለች። የዙኒ ሕዝብ አዳኝ መንፈስ ያደረበት ነው ተብሏል። የወርቅ ሰንሰለቱ ሲወልቅ ነፍስ ይዘራና ቤት ውስጥ ያሳድዳታል። ካረን ብላክ ታሪኩን ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ዛሬም ስታዩት ያስደነግጣል።

ዙኒዎች ግን በእውን ያሉ ሰዎች ናቸው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዛሬም ይኖራሉ። የሚታወቁበት ቅርጻ ቅርጽ በእጅ መዳፍ የሚያዝ የድንጋይ እንስሳ ነው፤ ድብ፣ የተራራ አንበሳ፣ ንስር። ጥርሱን አውጥቶ ሰው የሚያሳድድ አሻንጉሊት የእነሱ አይደለም። ፊልሙ ስማቸውን ወሰደ፣ በቦታቸው ጭራቅ አስቀመጠ፣ በታሪኩ ውስጥ ግን አንድም ዙኒ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም። እንግሊዞቹም በ1965 «ዶክተር ቴረርስ ሀውስ ኦቭ ሆረርስ» ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። አንድ የለንደን ጃዝ ተጫዋች ካሪቢያን ሄዶ የቩዱ አምልኮ ዜማ ይሰርቃል፣ አገሩ ተመልሶ ይጫወተዋል፣ አምላኩም ሊበቀለው ይመጣል። ሌባው ማን እንደሆነ ፊልሙ ራሱ ያውቃል! ይህን እያወቀ የፍርሃቱን መልክ ለጥቁሩ አምላክ ይሰጠዋል። ዜማው የተሰረቀባቸው ሰዎች ምን እንደተሰማቸው አንሰማም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮዲዩሰር ደወለልኝ፤ ስሙን አልጠራም። አጭር አስፈሪ ፊልም ሠርቷል፤ አንድ እርኩስ መንፈስ አንዲት ልጅ ላይ አድሮ የሚናገርበት ትዕይንት አለው። «በአማርኛ ብትቀጂልኝ» አለኝ። ምን ልበል? ስለው «የፈለግሽውን፣ ብቻ የሚያስፈራ ይምሰል» አለኝ። ጽሑፍ የለም፣ ትርጉም የለም። መንፈሱ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ? አይደለም። ልጅቷስ ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኛት? ምንም። አስቡት፤ እናቴ እሹሩሩ ያለችኝ፣ ካህኑ የፈታኝ፣ ጎረቤት ሲሞት የምናለቅስበት ቋንቋ እዚያ ፊልም ውስጥ የተፈለገው ለጩኸት ነው። አልቀዳም አልኩት፤ ለምን እንደሆነም አስረዳሁት። ስልኩን በትህትና ዘጋ። ትዕይንቱን በምን ቋንቋ እንደጨረሰው ግን አስባለሁ። የማን እናት ቋንቋ ይሆን?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልቤ ውስጥ ያለውን ፊልም ልንገራችሁ። በ1995 የወጣው «ቴልስ ፍሮም ዘ ሁድ» ነው። ዳይሬክተሩ ረስቲ ከንዲፍ ነው፤ ከዳሪን ስኮት ጋር ጽፎታል፤ ስፓይክ ሊ ደግሞ ዋና ፕሮዲዩሰሩ ነበር። ያላያችሁት እዩት፤ ልጆቻችሁ ከተኙ በኋላ እዩት። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ መዋቅሩን ግን መንገር አለብኝ።

ሦስት ወጣት ዕፅ ሻጮች ወደ አንድ የቀብር አስፈጻሚ ቤት ይመጣሉ። የቤቱ ባለቤት ሚስተር ሲምስ ይባላል፤ የሚጫወተው ክላረንስ ዊልያምስ ሦስተኛው ነው። ሬሳ ሣጥን እየከፈተ እያንዳንዱ ሟች እንዴት እንደሞተ ይነግራቸዋል። ልብ በሉ፣ የተራኪው ወንበር ላይ የተቀመጠው ጥቁር ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ታዋቂ መድበሎች ያ ወንበር የማን ነበር? በትልልቅ የእንግሊዝ ቤቶች እሳት ዳር የሚቀመጡት ሰዎች ነበር። እዚህ ግን ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን ጭራቅ እንደሆነ፣ የማን ሞት ታሪክ እንደሚገባው የሚወስነው ሲምስ ነው።

የመጀመሪያው ሣጥን፦ አንድ ጀማሪ ጥቁር ፖሊስ ነጭ ባልደረቦቹ አንድን የጥቁሮች መብት ተሟጋች ሲደበድቡ ያያል። ያያል፣ ይሸማቀቃል፣ ዝም ይላል። ሰውየውን ይገድሉታል፤ ስሙንም ያጠፉታል፤ ዕፅ ወስዶ እንደሞተ ያስመስላሉ። ይህ ፊልም የተሠራው መቼ እንደሆነ አስታውሱ። ሮድኒ ኪንግ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ የተቀረጸው በ1991 ነው፤ በ1992 ፖሊሶቹ በነጻ ሲለቀቁ ከተማዋ ነደደች። ተመልካቹ ያንን ምስል በዓይኑ ይዞ ነው ሲኒማ የገባው። ሟቹ ከመቃብር ሲነሳ አዳራሹ የሚፈራው ለማን ነው? ለገዳዮቹ? አይመስለኝም። ሙታኑ ጥያቄ የሚያቀርቡት ደግሞ ዝም ላለው ፖሊስም ነው፤ ስፈልግህ የት ነበርክ ይሉታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዝም ብለን ያየነው ነገር የሌለን ስንቶች ነን?

ሁለተኛውን ሣጥን መጀመሪያ ያየሁት በዚሁ አካባቢ፣ በአንድ ወዳጄ አፓርታማ ነው። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞች ነበሩ፣ እህቶች ነበሩ፣ ቡና ተፈልቷል፣ ይሳቅ ነበር። ታሪኩ ዋልተር ስለሚባል ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በሰውነቱ ላይ ሰንበር ይዞ ይመጣል። መምህሩ ሲጠይቀው «ጭራቅ ነው የሚመታኝ» ይላል። ጭራቁን በወረቀት ላይ ይሥለዋል። ከዚያ ጭራቁ በር ከፍቶ ሲገባ እናየዋለን፤ የእናቱ ፍቅረኛ ነው። በዚያች ቅጽበት ሳቁ ቆመ። አንዲት ከሁላችንም የምትበልጥ እህታችን፣ እትዬ እያልን የምንጠራት፣ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ማንም አልጠየቃትም።

ስለ ውክልና ስናወራ ብዙ ጊዜ «ስማችንን ያስጠሩልን፣ ጥሩ ጎናችንን ያሳዩልን» እንላለን። ይገባኛል። ረሃብና ጦርነት ብቻ ሲታይብን የኖርን ሰዎች ነን። ከንዲፍ ግን ለራሱ ሰዎች ያደረገውን ተመልከቱ። ነጭ ፖሊሶችን ከሰሰ፤ በሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ የራሱን ሠፈር በር ከፈተ። አራተኛው ሣጥን ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ ሰው የገደለ አንድ ወጣት ጥቁር ወንበዴ እስር ቤት ውስጥ ከአንድ ዘረኛ ነጭ ጎን ይቀመጣል፤ ዘረኛው ያመሰግነዋል። ለምን? የእሱን ሥራ ስለሠራለት። ከዚያ በእውን የተሰቀሉ ጥቁሮች ፎቶዎች ከወንበዴው ግድያዎች ጋር እየተፈራረቁ ይታዩታል። እነዚያ ፎቶዎች የፊልም ማስዋቢያ አይደሉም፤ የሰው ልጆች ናቸው። እኔ ኤዲተር ነኝ፣ ምስል ከምስል ጋር ማጋጨት ሥራዬ ነው፤ ከዚያ ትዕይንት የበለጠ ድፍረት ያለው አቆራረጥ በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ አላየሁም። ከውጭ የመጣ ዳይሬክተር ቢሠራው ስድብ በሆነ ነበር። ከውስጥ ስለመጣ የቤተሰብ ተግሣጽ ሆነ።

ሦስተኛውን ሣጥን አውቄ ለመጨረሻ አስቀረሁት። አሻንጉሊቶቹን አስታወሳችሁ? የ1975ቱን? ከንዲፍም አሻንጉሊት አለው። ቀድሞ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጮች ዘረኛ ቡድን አባል የነበረ ዱክ የሚባል ፖለቲከኛ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት ለአገረ ገዢነት ይወዳደራል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የቀድሞው የክላን መሪ ዴቪድ ዱክ በ1991 ሉዊዚያና ላይ ለአገረ ገዢነት ተወዳድሮ ነበር። በፊልሙ ሰውየው የሚኖረው ባሪያዎች በተገደሉበት አሮጌ የእርሻ ቤት ውስጥ ነው፤ ነፍሳቸው በትንንሽ አሻንጉሊቶች ውስጥ አድራለች። እነሱም ይነሱበታል።

ያው አሻንጉሊት ነው። ያው ትንንሽ እግር ወለል ላይ ሲሮጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ፊልም አሻንጉሊቱ ታሪክ የለውም፤ ክፉ ነው፣ በቃ። በሁለተኛው እያንዳንዱ አሻንጉሊት ሰው ነበር፤ ተገድሏል፤ ቤቱም የሞተበት ቤት ነው። እኔ ውክልና ስል ይህንን ነው የምለው። ስክሪን ላይ የጥቁር ፊት ቁጥር መጨመር አንድ ነገር ነው፤ አሻንጉሊቱ ለምን እንደተነሳ የሚያውቅ ሰው ካሜራውን ሲይዝ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ሌላ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ተሻግሬያለሁ ማለት ነው። የሚናገረው ማነው?

ስለ ሴቶች በፍጥነት ልናገር፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2012 «ዘ ኤቢሲስ ኦቭ ዴዝ» የሚባል መድበል ወጣ። 26 የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ 26 አጫጭር ፊልሞች፣ ከጃፓን እስከ ሜክሲኮ፣ ከኢንዶኔዥያ እስከ ሰርቢያ ዳይሬክተሮች ተጠርተዋል። በአገር ብዛት ካያችሁት ደስ ይላል። ሴት ዳይሬክተር ያለበት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም አንዷ ከወንድ ጋር በጋራ የሠራችው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው «ቪ ኤች ኤስ» ላይ አንዲትም ሴት ዳይሬክተር የለችም። በሁለቱም ፊልሞች ሴቶች ሞልተዋል፤ ይጮሃሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይሞታሉ። ለመሞት ሲሆን ተራ አልጎደለባቸውም።

በ2017 አራት ሴት ዳይሬክተሮች «ኤክስ ኤክስ» የሚባለውን መድበል ሠሩ። ጆቫንካ ቩኮቪች፣ አኒ ክላርክ፣ ሮክሳን ቤንጃሚን፣ ካሪን ኩሳማ። በታሪኮቹ መካከል ያለውን የአሻንጉሊት አኒሜሽን የሠራችው ደግሞ ሜክሲኳዊቷ ሶፊያ ካሪዮ ናት። ይህን ፊልም የምወደው ሁሉም ታሪክ እኩል ስለሆነ አይደለም፤ አይደለምም። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ይበልጥብኛል። አንድ ልጅ ባቡር ላይ የማያውቀው ሰው የያዘውን የስጦታ ሣጥን ከፍቶ ያያል። ከዚያች ቀን ጀምሮ መብላት ያቆማል። እናቱ ታቀርባለች፤ «አልራበኝም» ይላል፣ በትህትና። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳየ ፊልሙ አይነግረንም። ልጁ አልበላ ያላት እናት ፍርሃት ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጡ እናቶቼን ጠይቁ፤ ጭራቅ አያስፈልገውም። ሌላኛው ታሪክ ግን በረሃ ላይ ስለሚያድሩ ጓደኛሞች ነው፤ ስለ ሴትነት ምንም የተለየ ነገር አይልም። ይህም መብት ነው። ተራ ሲሰጥህ ስለ ማንነትህ ብቻ እንድታወራ ከተገደድክ ነጻ ወንበር አልተሰጠህም። «ቪ ኤች ኤስ» ራሱ በ2021 ሲመለስ ክሎዊ ኦኩኖንና ጄኒፈር ሪደርን ከዳይሬክተሮቹ መካከል ይዞ መጣ። ጥሪው ሲሰፋ ፊልሙ አልሞተም፤ እንዲያውም ታደሰ።

ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ልጨምር። የማሳኪ ኮባያሺ «ክዋይዳን» በ1965 በካን ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ባለ አራት ታሪክ ፊልም ነው። ከአራቱ አንዱ ሆይቺ ስለሚባል ዓይነ ስውር አዝማሪ ነው፤ ቢዋ የሚባል ክራር መሰል መሣሪያ ይጫወታል። በ1185 በባሕር ላይ ጦርነት ያለቀው የሄይኬ ወገን ሙታን በየሌሊቱ እየጠሩት የራሳቸውን ውድቀት እንዲዘፍንላቸው ያደርጉታል። ሙታን ከሕያው የፈለጉት ታሪካቸው በትክክል እንዲነገር ነበር። ያ ታሪክ ለዓለም የደረሰው በላፍካዲዮ ኸርን መጽሐፍ ነው፤ ግሪክ የተወለደ፣ ጃፓን የኖረ ጸሐፊ ነው። ብዙዎቹን ተረቶች ማታ ማታ የምትነግረው ግን ባለቤቱ ኮይዙሚ ሴትሱ ነበረች። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። የስንቶቻችን አያት ሴትሱ ናት?

አሁን የምናገረው ከባድ ነው፤ ልለፈው ብዬ ነበር፣ ግን አይታለፍም። በ1983 የወጣው «ትዋይላይት ዞን፦ ዘ ሙቪ» የመጀመሪያ ታሪኩ ስለ አንድ ዘረኛ ሰው ነው። ሰውየው በድንገት ራሱን በናዚዎች በሚታደን አይሁዳዊ፣ ክላን በሚያሳድደው ጥቁር፣ የአሜሪካ ወታደሮች በሚተኩሱበት ቬትናማዊ ቦታ ያገኘዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሌላውን ሁንና እየው የሚል ነው። በመጨረሻ ሁለት ቬትናማውያን ሕፃናትን ከሄሊኮፕተር ጥቃት እንዲያድን ታስቦ ነበር። ጁላይ 23፣ 1982 ሌሊት ያንን ትዕይንት ሲቀርጹ ፍንዳታው ሄሊኮፕተሩን አወረደው። ተዋናዩ ቪክ ሞሮውና ሁለቱ ልጆች ሞቱ። ልጆቹ የስድስትና የሰባት ዓመት፣ ከእስያ ስደተኛ ቤተሰቦች የተወለዱ ነበሩ። የተቀጠሩት ያለ ሥራ ፈቃድ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ልጅ በዚያ ሰዓት፣ ፍንዳታ አጠገብ እንዲሠራ አይፈቅድምና፣ ክፍያቸው በድብቅ በጥሬ ገንዘብ ተሰጠ። ዳይሬክተሩና አብረውት የተከሰሱት በ1987 በነጻ ተለቀቁ።

ይህን የምነግራችሁ ለማስለቀስ አይደለም። ስደተኛ ወላጆች ነን እኮ! ፈቃድ አያስፈልግም ሲባል፣ በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን ሲባል፣ እሺ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የዘረኝነትን ክፋት የሚያስተምር ታሪክ በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ከካሜራው ጀርባ ግን የእነዚያ ልጆች ሕይወት እንደ ሌሎች ልጆች ሕይወት አልተጠበቀም። ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ለፊልም ስትጠራ ውሉን አንብቡ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ቀረጻው ቦታ ተገኙ። ውክልና ከውል ይጀምራል።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ እኛ ነው። በአማርኛ ፊልም ፍቅርና ኮሜዲ ሞልቶናል፤ አስፈሪ ፊልም ግን ጥቂት ነው። ወጣቶች ግን እየመጡ ይጠይቁኛል፤ «ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ ስለ ጅብ ብንሠራስ?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ሥሩ! የጥቁር አሜሪካውያንን መንገድ ተመልከቱ። ፕሮፌሰር ሮቢን ሚንስ ኮልማን በ2011 የጥቁሮችን ታሪክ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ «ሆረር ኗር» ብላ መጽሐፍ አደረገችው፤ በ2019 ዶክመንተሪ ሆነ፤ በ2021 በዚያው ስም ስድስት ታሪክ ያለው መድበል ፊልም ወጣ። መጀመሪያ የተደረገባቸውን አጠኑ፣ ከዚያ የራሳቸውን ነገሩ።

አደራ የምላችሁ ግን አንድ ነገር አለ። ቡዳን ስትሠሩ ሸክላ ሠሪዋን ጅብ አድርጋችሁ እንዳትመልሱብን። አደራ! ያ ፊልም ስንት መቶ ዓመት በቃል ሲታይ ኖሯል። የአያቴን ተረት በጥሩ ካሜራና በጥሩ ሜካፕ ብትሠሩት ነገ ገበያ ላይ ነጠላ የሚከናነበው ልጅ ይበዛል። ከእሷ ጎጆ ውስጥ ጀምሩት። የሚመጣውን የእግር ኮቴ ከውስጥ አሰሙኝ። የቤተ እስራኤል ልጆች ዛሬ እስራኤል ውስጥ ፊልም እየሠሩ ነው፤ አያቶቻቸው ያንን ሌሊት ከበሩ ወዲያ ማዶ አሳልፈውታል። ደውሉላቸው። ጻፉላቸው።

ገንዘቡስ? ትሉኛላችሁ። መድበል ለእኛ የሚስማማው በዚህም ነው። አንድ ሙሉ ፊልም ለመሥራት አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ግን በአንድ ቤት፣ በሁለት ተዋናይ፣ ቅዳሜና እሁድ ይቀረጻል። አምስታችሁ አምስት ብትሠሩ ፊልም ሆነ። አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በትግርኛ፣ አንዱን እዚህ ተወልዶ አማርኛው በሚሰባበር ልጅ ቋንቋ። ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ፓስፖርቷ የተቀማባትና በር የተቆለፈባት እህታችን አንድ ተራ ይኑራት፤ ያንን ቤት ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ኤዲቲንጉን እኔ በነጻ እሠራለሁ፤ ይህን በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። ታሪኮቹን የሚያስተሳስረውን ታሪክ፣ የተራኪውን ወንበር፣ በመጀመሪያው ስብሰባችሁ ላይ ወስኑ፤ ለመጨረሻ አታቆዩት። አራት ታሪክ ለአራት ሰው ሰጥታችሁ ሁሉንም የሚያስተዋውቀው፣ የሚፈርደው፣ የሚዘጋው ያው የለመድነው ድምፅ ከሆነ አራቱም የእሱ ታሪኮች ይሆናሉ። ከኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ እኔም ላስተካክለው አልችልም።

የዛሬ አምስት ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ ሐሳብ ያላችሁ ተገናኙ። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ማን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የት ቆመን እንደምናየው ጻፉልኝ። አሁን ማይክሮፎኑን አዙሩልኝና ጥያቄያችሁን ልስማ። እዚያ ጥግ ላይ ቀድማ እጇን ያወጣችው እህታችን፣ ቀጥይ።